የባሕር ማዶ ዕቃና የቡሬ በር

በኢትዮጵያ ቡሬ የሚባል ስም የያዙ ቦታዎች ከአንድ በላይ ናቸው። የጎጃሟ ቡሬ በእህል ገበያዋ፣ ወደ አሰብ በሚወስደው መንገድ ላይ ያለችው ቡሬ ደግሞ በጦርነት ዜና ስማቸው ደጋግሞ ስለሚነሣ፣ የኢሉባቦሯ ቡሬ ከጥላቸው ሥር የቀረች ትመስላለች። የንግድን ታሪክ ለሚመረምር ሰው ግን ከሦስቱ መካከል ይበልጥ የምታስተምረው ይህችው የመጨረሻዋ ናት። ከባሮ ሜዳ ተነሥቶ ወደ ጎሬና ወደ መቱ የሚዘልቀው መንገድ ዳገቱን ጨርሶ ደጋውን የሚይዘው በእርሷ በኩል ስለ ሆነ፣ በወንዝ የመጣው የባሕር ማዶ ዕቃ ወደ ኢሉባቦር ደጋ ሲገባ ቀድመው ከሚያዩት ከተሞች አንዷ ነበረች። ዛሬ ነገሩ ተገልብጧል፤ ከውጭ አገር የታዘዘ ዕቃ መጨረሻ ከሚደርስባቸው ከተሞች ትቆጠራለች። የመንገዱ መዞር በዋጋ ላይ ምን እንዳደረገ ለመረዳት፣ በባሕር ማዶ የኢንተርኔት መደብሮች በቅናሽ የሚሸጠውን፣ በመጠኑ እጅግ ያነሰውን አንድ ዕቃ፣ ይኸውም ኤስ ኤስ ዲ የተባለውን የኮምፒዩተር መረጃ ማከማቻ፣ ከጥንቱ ጨውና አቡጀዲ ጎን አስቀምጦ መመልከት ይጠቅማል።

የምዕራቡ በር የተከፈተው በውል ነው። ግንቦት 7 ቀን 1894 ዓ.ም. በዳግማዊ ምኒልክና በእንግሊዝ መንግሥት ተወካይ በጆን ሌን ሃሪንግተን መካከል አዲስ አበባ ላይ የተፈረመው የድንበር ውል፣ በአራተኛው አንቀጹ፣ በባሮ ወንዝ ዳር በኢታንግ አካባቢ የወንዝ ዳር ርዝመቱ ከ2,000 ሜትር፣ ጠቅላላ ስፋቱም ከ400 ሄክታር የማይበልጥ መሬት ለሱዳን መንግሥት ለንግድ ጣቢያ በኪራይ እንዲሰጥ ይፈቅዳል። ቦታው ለፖለቲካና ለጦር ጉዳይ እንዳይውልም ይከለክላል። በተግባር የተመረጠው ኢታንግ ሳይሆን ከእርሱ በስተ ምሥራቅ፣ ወደ ደጋው ይበልጥ የሚጠጋው ጋምቤላ ሆነ፤ ጣቢያውም እ.ኤ.አ. በ1904 ተቋቋመ። የግሪክና የሶርያ ነጋዴዎች በጋምቤላና በጎሬ ሱቅና መጋዘን ከፈቱ። ወደ ላይ ጨው፣ አቡጀዲና የብረት ዕቃ፣ ወደ ታች ደግሞ ቡና፣ ሰምና ቆዳ ይመላለስ ጀመር።

ከካርቱም የሚነሣው የእንፋሎት መርከብ በነጭ ዓባይ፣ በሶባትና በባሮ አድርጎ ጋምቤላ ለመድረስ ከ1,300 ኪሎ ሜትር በላይ ውሃ መጓዝ ነበረበት። ይህ ጉዞ የሚቻለው ደግሞ ባሮ ሞልቶ በሚፈስበት ወራት፣ በግምት ከሰኔ እስከ ጥቅምት ባለው ጊዜ ብቻ ነው። የንግዱ ትልቁ ዕንቅፋት የተወለደው ከዚህ ነው። ወንዙ ለመርከብ በሚመችበት ክረምት የደጋው መንገድ ጭቃ ይሆናል፤ ጅረቶቹ ይሞላሉ፤ የጭነት ከብት መንቀሳቀስ አይችልም። መንገዱ ደርቆ በቅሎና አህያ በሚጫኑበት በጋ ደግሞ ወንዙ ይጎድልና መርከቡ አይመጣም። በቡሬና በጎሬ ዙሪያ ያለው ቡና የሚለቀመው በመኸርና በበጋ ወራት ስለ ሆነ፣ በበጋ ወርዶ ክረምት እስኪመጣ ድረስ በጋምቤላ መጋዘን ይቀመጣል። በክረምት የገባውም ጨው በተራው በጋ እስኪሆን ይጠብቃል። እንግዲህ በዚህ ንግድ ላይ የተሰማራ ሰው ገንዘቡ በየዓመቱ ለወራት በመጋዘን ውስጥ ተኝቶ ይከርማል ማለት ነው። የጋምቤላን የጨው ዋጋ ከደጋው ዋጋ ጋር አስተያይቶ «ነጋዴው ደሀውን ገፈፈው» የሚል ሰው ከመፍረዱ በፊት ይህን የተኛ ገንዘብ ማሰብ ይገባዋል። ነጋዴው ሁልጊዜ ንጹሕ ነበር ለማለት ግን አይደለም።

ከመጋዘኑ ቀጥሎ የሚመጣው ዳገቱ ነው። ጋምቤላ ከባሕር ወለል በላይ ከ500 ሜትር ጥቂት ብቻ ከፍ ያለ ቆላ ሲሆን፣ ቡሬ ከ1,700 ሜትር በላይ ላይ ትገኛለች። የወባው አገር የደጋ ሰውን ያስፈራዋል፤ የጭነት ከብቱም በቆላው በሽታ ይጎዳል። የመንገዱ ክፍያ የሚከብደው በሁሉም ዕቃ ላይ በእኩል አይደለም። አቡጀዲ ለክብደቱ ዋጋው ብዙ ስለ ሆነ የተሸካሚውን ኪራይ ችሎ ያልፋል። ጨው ግን ከባድና ርካሽ ነው፤ በመርከብ ርካሽ ሆኖ የመጣው ጨው ዳገቱን ሲወጣ ኪራዩ ዋጋውን ይጫነዋል። በየኬላው የሚከፈለው ቀረጥ ሲጨመርበት፣ አንድ ቤተሰብ ለወጡ የሚጨምረው ጨው ዋጋ የሚወሰነው ባመረተው አገር ሳይሆን በባሮና በጎሬ መካከል ባለው መንገድ ላይ ሆነ። ያም ሆኖ ከአፋር በረሃ ተነሥቶ አገሩን ሁሉ አቋርጦ ከሚመጣው አሞሌ ጋር ሲነጻጸር የወንዙ ጨው ለምዕራቡ ሕዝብ ትልቅ እፎይታ ነበር። አሞሌው ከእጅ ወደ እጅ እየተላለፈ ኢሉባቦር ሲደርስ ዋጋው ምን ያህል ይወጣ እንደ ነበር ለመገመት ካርታ ማየት ይበቃል።

በዚያ ዘመን ገንዘቡም ራሱ ጭነት ነበር። በሕዝቡ ዘንድ ጠገራ ብር የሚባለው የማርያ ቴሬዛ ብር እያንዳንዱ 28 ግራም ያህል ስለሚመዝን፣ አንድ ሺህ ብር 28 ኪሎ ሸክም ይሆናል። ገበሬውና ነጋዴው ብሩን እንዲሁ አይቀበሉትም፤ ከንግሥቲቱ ዘውድ ላይ ያሉት እንክብሎች በግልጽ መታየታቸውን፣ በትከሻዋ ላይ ያለው ጌጥ አለመፋቁን ያያሉ፤ ድምፁን ያዳምጣሉ። በሩቅ አገር ታትሞ የመጣውን ገንዘብ የሚያምኑት በራሳቸው ዓይንና ጆሮ መርምረው ነው። ይህን ሸክም ለማቃለል የረዳው እ.ኤ.አ. በ1905 ተቋቁሞ በሚከተለው ዓመት ሥራ የጀመረው የሐበሻ ባንክ ነው። ባንኩ ከአዲስ አበባ ውጭ ቅርንጫፍ ከከፈተባቸው ጥቂት ከተሞች አንዷ ጎሬ መሆኗ፣ በጋምቤላም ወኪል ማቆሙ፣ ይህ መንገድ በዘመኑ ምን ያህል ክብደት እንደ ነበረው ይመሰክራል። አንድ ነጋዴ በጎሬ የከፈለው ገንዘብ በወረቀት ወደ ካርቱም ሊተላለፍ ቻለ። ዛሬ ከቡሬ ወደ ባሕር ማዶ ገንዘብ ለመክፈል ያለው ችግር ሲታሰብ ይህ ቀላል ነገር አይደለም።

የመንገዱ ውድቀት አዝጋሚ ነበር። የጂቡቲው ምድር ባቡር እ.ኤ.አ. በ1917 አዲስ አበባ ገባ። በ1929 የጀመረው የዓለም የኢኮኖሚ ቀውስ የቡናን ዋጋ ጣለው። ከዚያም የኢጣልያ ወረራ መጣ። አዲስ አበባ ከተያዘች በኋላ ጎሬ ለጥቂት ወራት የኢትዮጵያ መንግሥት ጊዜያዊ መቀመጫ ሆና ነበር፤ ነገር ግን በ1929 ዓ.ም. መጀመሪያ ወራት እርሷም ተያዘች። በ1933 ዓ.ም. ጋምቤላን ከኢጣልያኖች ያስለቀቀው ከቤልጅግ ኮንጎ የመጣው ጦር ነበር። ሱዳን እ.ኤ.አ. በ1956 ነፃ ስትወጣ የውሉ መሠረት ስለ ፈረሰ፣ ጋምቤላ በዚያው ዓመት ለኢትዮጵያ ተመለሰች። ይህ ለአገር ልዕልና ደስ የሚያሰኝ ሆኖ ሳለ፣ የወንዙ ንግድ ግን ከዚያ በኋላ የቀድሞ ኃይሉን አላገኘም፤ የደቡብ ሱዳን ጦርነትም ይበልጥ አዳከመው። የኢሉባቦር ቡና ፊቱን ወደ ምሥራቅ አዞረ፤ በመኪና ወደ አዲስ አበባ፣ ከዚያም ወደ ወደብ ይጓዝ ጀመር። የአስተዳደሩ መቀመጫም ከጎሬ ወደ መቱ ሲዛወር ቡሬ ከበርነት ወደ ጓዳነት ተለወጠች።

አጋጣሚ ሆኖ ጋምቤላ በተመለሰችበት በዚያው በ1956፣ በመስከረም ወር፣ በአሜሪካ አይ ቢ ኤም የተባለው ኩባንያ ራማክ የተሰኘውን የሒሳብ መኪና ለዓለም አስተዋወቀ። መረጃ የሚያስቀምጠው ክፍሉ በላይ በላይ የተደረደሩ 50 ትልልቅ ክብ ዲስኮች ነበሩት፤ አንድ ቶን ያህል ይመዝናል፤ የሚይዘውም 5 ሚሊዮን ፊደል ያህል ብቻ ነበር። ያን መኪና በበቅሎ ወደ ቡሬ ማውጣት ለማንም የሚታሰብ አልነበረም። ከሩብ ምዕተ ዓመት በኋላ በጃፓን በቶሺባ ኩባንያ ይሠራ የነበረው ፉጂዮ ማሱኦካ፣ የሚሽከረከር ዲስክ ሳያስፈልገው፣ ኤሌክትሪክ ሲቋረጥም መረጃውን የማይረሳ ፍላሽ የተባለ የማስታወሻ ዓይነት ፈጠረ፤ በ1984 ለዓለም ሊቃውንት አቀረበው፤ ዛሬ በሰፊው የሚሠራበትን ናንድ የተባለውን ዓይነት ደግሞ በ1987 አስከተለ። በ1991 የኋላው ሳንዲስክ 20 ሜጋባይት የሚይዝ ኤስ ኤስ ዲ ለአይ ቢ ኤም ሲያቀርብ ዋጋው አንድ ሺህ ዶላር ያህል ነበር። በ2023 ገበያው በምርት ተጥለቅልቆ በነበረበት ወቅት፣ ከዚያ በሃምሳ ሺህ እጥፍ የሚበልጥ፣ ማለትም አንድ ቴራባይት የሚይዝ ኤስ ኤስ ዲ ከ50 ዶላር በታች ተሸጧል። በ2025 መጨረሻ ደግሞ ለሰው ሠራሽ አስተውሎት የሚገነቡት ታላላቅ የመረጃ ማእከሎች ምርቱን ስለ ተሻሙበት ዋጋው እንደገና አሻቀበ። ኤም ነጥብ ሁለት የሚባለው ትንሹ ዓይነት ወርዱ 22 ሚሊ ሜትር፣ ቁመቱ እንደ ዓይነቱ 30 ወይም 80 ሚሊ ሜትር ነው፤ ክብደቱም ከአንድ ጠገራ ብር በብዙ ያንሳል።

ከዚህ ላይ አንባቢ፣ ዕቃው እንዲህ ከቀለለ የዳገቱ ኪራይ ቀርቷል፤ በኢንተርኔት የተጻፈው የቅናሽ ዋጋም ለቡሬ ሰው እንደ ለንደን ሰው ይሆንለታል ብሎ ሊገምት ይችላል። እንዲህ ግን አልሆነም። መንገዱ ዛሬም ይከፈልበታል፤ ክብደት መለኪያ መሆኑን ብቻ ተወ።

የመጀመሪያው ዳገት ክፍያው ነው። የባሕር ማዶ መደብር የሚቀበለው ዶላር ወይም ሌላ የውጭ ገንዘብ ሲሆን፣ የቡሬ ነዋሪ በእጁ ያለው ብር ነው። ከግንቦት 2013 ዓ.ም. ጀምሮ በሥራ ላይ የዋለው ቴሌብር በአገር ውስጥ መገበያየትን እጅግ ቢያቀልም፣ ከውጭ መደብር ዕቃ ለመግዛት የሚያበቃ የባንክ ካርድ ያለው ሰው ጥቂት ነው። ስለዚህ ብዙ ጊዜ የሚከፍለው በውጭ አገር የሚኖር ወንድም ወይም እኅት ነው፤ ዕቃውም በመንገደኛ ሻንጣ ይመጣል። ይህ አሠራር በመጽሐፍ የተጻፈ ሕግ ባይኖረውም፣ በጋምቤላ ዘመን ነጋዴው በወኪሉ ላይ ከነበረው እምነት ጋር ዝምድና አለው። ሐምሌ 22 ቀን 2016 ዓ.ም. የብር ዋጋ በገበያ እንዲወሰን ሲደረግ፣ እስከዚያ በባንክ 57 ብር ያህል የነበረው ዶላር በጥቂት ሳምንታት ውስጥ ከ100 ብር አለፈ። ያን ሰሞን ከ40 ወደ 30 ዶላር ቀነሰ የተባለ ማከማቻ፣ በብር ለሚያስበው ገዢ ሳይቀንስ ከቀድሞው ይበልጥ ወጣ።

ሁለተኛው ዳገት ጉምሩክ ነው። ቀረጥና ታክስ የሚሰላው በዕቃው ዋጋ ላይ ብቻ ሳይሆን የማጓጓዣውና የመድን ወጪው ተጨምሮበት ነው። ለምሳሌ ያህል በ30 ዶላር የተገዛ ዕቃ 15 ዶላር የማጓጓዣ ቢከፈልበት፣ 15 በመቶው የተጨማሪ እሴት ታክስ የሚታሰበው ቢያንስ በ45 ዶላር ላይ ነው። ሌላው ቀረጥ ሳይደመር 51 ዶላር ከ75 ሳንቲም ሆነ ማለት ነው፤ ዐሥሩ ዶላር ቅናሽ አዲስ አበባ ሳይደርስ አልቋል። የተመዘገበው ዋጋ እጅግ አንሶ ከታየም ሹሙ ሊጠራጠረውና በተመሳሳይ ዕቃዎች ዋጋ ሊገምተው ሥልጣን አለው። ቅናሹ እውነተኛ መሆኑን ማስረዳት የገዢው ፈንታ ይሆናል። የቀድሞው ነጋዴ በየኬላው ይከፍል ነበር፤ የዛሬው ባንድ ቦታ ይከፍላል። ይህ መሻሻል ነው፤ ነገር ግን ያ አንድ ቦታ ከቡሬ ከስድስት መቶ ኪሎ ሜትር በላይ ይርቃል።

ከዚያ ወዲያ ያለው የአገር ውስጥ ጉዞ ነው። በቡሬ ቤቶች የመንገድ ስምና ቁጥር ይዞ ደብዳቤ የሚያደርስ አሠራር ስለሌለ፣ የውጭው መደብር «አድራሻ» ብሎ የሚጠይቀው ቦታ በፖስታ ሣጥን ቁጥር፣ ወይም በአዲስ አበባ በሚኖር ዘመድ ስም ይሞላል። ዕቃው በአውቶቡስ በጅማ ወይም በነቀምት በኩል በደሌ፣ ከበደሌ መቱ፣ ከመቱ ጎሬ፣ ከጎሬ ቡሬ ይደርሳል። ቀድሞ የመርከቡ ዕቃ ቡሬን አልፎ ጎሬና መቱ ይገባ ነበር፤ አሁን መቱና ጎሬ ካዩት በኋላ ነው ለቡሬ የሚተርፈው። መንግሥት በኅዳር 2012 ዓ.ም. ከአሊባባ ኩባንያ ጋር የኤሌክትሮኒክ ንግድ ማእከል ለማቋቋም ስምምነት መፈራረሙ፣ በዚያው ዓመት የኤሌክትሮኒክ ግብይት አዋጅ ቁጥር 1205/2012 መውጣቱ የተስፋ ምልክቶች ነበሩ። አዋጅ የግብይቱን ሕጋዊነት ያጸናል እንጂ የመጨረሻውን መቶ ኪሎ ሜትር አያሳጥርም። አሊባባ እ.ኤ.አ. ከ2009 ጀምሮ ታላቁን ቅናሽ የሚያውጅበት የኖቬምበር 11 ቀን በኛ አቆጣጠር ኅዳር 2 ላይ ይውላል፤ በቡሬ ዙሪያ ቡና የሚለቀምበትና በገበሬው እጅ ገንዘብ የሚገባበት ወቅት ነው። ከዚህ የተሻለ ግጥጥሞሽ ለሻጩም ለገዢውም አይገኝም ነበር።

ከሁሉ የሚያሳስበው ግን የዋጋው ነገር አይደለም። እ.ኤ.አ. በ2011 የተመሠረተው የመቱ ዩኒቨርሲቲ ለአካባቢው ብዙ የተማረ የሰው ኃይል አስገኝቷል። የወረዳ ጽሕፈት ቤቶች፣ ትምህርት ቤቶችና የኅብረት ሥራ ማኅበራት መዝገቦቻቸውን በኮምፒዩተር ማስቀመጥ ለምደዋል። ኤስ ኤስ ዲ ለእንዲህ ያለ መሥሪያ ቤት ቅንጦት ሳይሆን የመዝገብ ቤቱ መደርደሪያ ነው። በባሕር ማዶ ገበያ ደግሞ 2፣ አልፎም 16 ቴራባይት ይይዛል ተብሎ በማይታመን ርካሽ ዋጋ የሚቀርብ የሐሰት ማከማቻ ሞልቷል። ሲከፈት በውስጡ የሚገኘው 64 ጊጋባይት ገደማ የምትይዝ የስልክ ካርድ ልትሆን ትችላለች። ተቆጣጣሪው ክፍል ለኮምፒዩተሩ የሐሰት መጠን እንዲናገር ተደርጎ ተሠርቷል። እውነተኛው መጠን ሲሞላ አዲሱ ጽሑፍ በአሮጌው ላይ ይጻፋል ወይም ይጠፋል፤ የመዝገቡ ስም በዝርዝሩ ላይ ሳይጎድል ይታያል፤ ሲከፈት ግን ባዶ ነው። የሐሰት ገንዘብ የተቀበለ ሰው ኪሣራውን በማግስቱ ገበያ ላይ ያውቃል። የሐሰት ማከማቻ የገዛ መሥሪያ ቤት የሚያውቀው ግን የመሬት ይዞታ ክርክር ተነሥቶ ሰነዱ በተፈለገ ጊዜ፣ ምናልባትም ከዓመታት በኋላ ነው።

ጠገራ ብርን በዓይንና በጆሮ የሚፈትን ሰው በነበረበት አገር ይህ ፈተና አዲስ መሆን የለበትም። መፈተኛው መንገድም አስቸጋሪ አይደለም፤ ማከማቻው አንድም መዝገብ ሳይገባበት፣ ለዚሁ በተሠራ ፕሮግራም ከዳር እስከ ዳር ተሞልቶ መልሶ ይነበባል። የተጻፈውና የተነበበው ከተመሳሰሉ መጠኑ እውነት ነው። ሥራው ሰዓታት ይፈጃል፤ ትልቅና ዘገምተኛ ዕቃ ከሆነም ሌሊቱን ሙሉ ይወስዳል፤ በመካከሉ መብራት እንዳይቋረጥ መጠንቀቅ ያስፈልጋል።

እውነተኛው ዕቃ ቢሆንም እንኳ እንደ ወረቀት መዝገብ ተቆልፎ ሊረሳ አይገባውም። ጄዴክ የተባለው የኤሌክትሮኒክስ መሥፈርት አውጪ ድርጅት ለተራ ተጠቃሚ የሚሠራ ኤስ ኤስ ዲ፣ የተመደበለትን የመጻፍ ዕድሜ ከጨረሰ በኋላ፣ ኤሌክትሪክ ሳያገኝ በ30 ዲግሪ ሙቀት ቢያንስ አንድ ዓመት መረጃውን እንዲጠብቅ ይጠይቃል። አዲሱ ከዚህ በጣም የበለጠ ይቆያል፤ ሙቀት ሲጨምር ግን ጊዜው ያጥራል። በጋምቤላ ቆላ መሳቢያ ውስጥ የተቀመጠና በቡሬ ደጋ የተቀመጠ ማከማቻ ዕድሜያቸው እኩል አይሆንም።

ዕቃው ጉድለት ቢገኝበት ለመመለስ የሚሰጠው ጊዜ በአብዛኛው በሳምንታት የሚቆጠር ሲሆን፣ የመመለሻው የፖስታ ወጪ ከዕቃው ዋጋ ሊበልጥ ይችላል። በመንገደኛ ሻንጣ የመጣ ከሆነ ደግሞ ቀነ ገደቡ ዕቃው ገና በውጭ አገር ዘመድ ቤት ሳለ ያልፋል። በወንዙ ዘመን ብልሽት ያገኘ የቡሬ ነጋዴ አቤቱታውን ይዞ ወደ ጋምቤላ ይወርድ ነበር፤ ምትኩ ከካርቱም እስኪመጣለት ግን የሚቀጥለውን ክረምት መጠበቅ ነበረበት።